አፈርህን ሳትነግረኝ አትምከረኝ

በፌስቡክና በቲክቶክ የጓሮ አትክልት የምታስተምሩ ወገኖች፣ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ አፈራችሁ ምን ዓይነት ነው?

ቪዲዮዎቻችሁን አያለሁ። ጽጌረዳው ያምራል፣ ቆስጣው እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል፣ ቲማቲሙ ዘንጉን ሊሰብር ደርሷል። ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው። ከዚያ ምክሩ ይመጣል፦ «አመድ ጨምሩ»፣ «አሸዋ ቀላቅሉ»፣ «ጠዋት ማታ ውሃ አጠጡ»። በቃ። የት ሰፈር እንደሆነ የለም። አፈሩ ቀይ ይሁን ጥቁር የለም። በየትኛው ወር እንደተተከለ የለም። ከስር ያለው ሰው ሁሉ «እናመሰግናለን፣ ነገ እሞክራለሁ» እያለ ይጽፋል። ከነሱ ውስጥ የኮዬ ፈጬ ሰው አለበት። ነገ የሚሞክረው እናንተ አይታችሁት በማታውቁት አፈር ላይ ነው።

አፈሩ ያልተነገረበት የአትክልት ምክር፣ በሽታው ሳይጠየቅ የታዘዘ መድኃኒት ነው። አንዱን ያዳነው ሌላውን ይገድላል። እየገደለም ነው። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ልከራከር ነው፣ ታገሡኝ።

በአመድ እንጀምር። አመድ የአፈርን አሲድነት ይቀንሳል፣ ሥራው ከኖራ ጋር ይመሳሰላል። ለወለጋ፣ ለጅማ፣ ለአዊ፣ ለሆለታ ቀይ አፈር ፈውስ ነው። እነዚያ ቦታዎች የዘመናት ዝናብ አፈሩን አጥቦ አሲዳማ አድርጎታል። ከአገራችን የእርሻ መሬት ወደ 43 በመቶ የሚሆነው ይህ ችግር እንዳለበት የአፈር ባለሙያዎች ደጋግመው ይናገራሉ፣ ለገበሬው ኖራ የሚታደለውም ለዚህ ነው። ታዲያ አንድ የሆለታ ሰው «ጽጌረዳዬ ላይ አመድ በተንኩ፣ አማረልኝ» ቢል አልዋሸም። እውነቱን ነው የተናገረው፣ የራሱን አፈር እውነት።

የኛ ጥቁር አፈር ግን ከመጀመሪያውም አሲድ የለበትም። ብዙውን ጊዜ ገለልተኛ ነው፣ ወይም ወደ ሌላው ጫፍ፣ ወደ አልካሊ ያዘነብላል። በኮንዶሚኒየም ግቢ ደግሞ ግንባታው ጥሎት የሄደው የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ አለ፣ እሱም ወደዚያው ይገፋዋል። ጽጌረዳ የሚመቻት ፒኤች ከ6 እስከ 6.5 አካባቢ ነው። ከ7 እያለፈ ሲሄድ አፈሩ ውስጥ ብረት ሞልቶ ሳለ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። እህል የተሞላ ጎተራ ተቆልፎ ቤተሰቡ ጦሙን እንደሚያድረው ማለት ነው። እዚህ ላይ አመድ መጨመር በቁልፉ ላይ ሌላ ቁልፍ ማድረግ ነው።

አንዲት ጎረቤታችን በቅርቡ ደረጃ ላይ አስቆሙኝ።
«መምህር፣ ጽጌረዳዬ ቢጫ ሆነችብኝ። አመድ ብጨምርላትም ባሰባት።»
«እትዬ፣ አመዱን ማን መከረዎት?»
«ልጄ ከስልኳ ላይ አይታ ነው። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው አለችኝ።»

ሄጄ አየኋት። አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ቀርቷል። ይሄ የብረት እጥረት መልክ ነው። የናይትሮጅን ቢሆን ኖሮ ቀድመው የሚገረጡት ከታች ያሉት አሮጌዎቹ ቅጠሎች ነበሩ። እትዬ ስንፍና የለባቸውም፣ ጽጌረዳዋም ሰነፍ አይደለችም። የተሳሳተው «አገሩ ሁሉ» የሚለው ቃል ነው። አገሩ ሁሉ አንድ አፈር የለውም።

አሸዋውም እንደዚያው ነው። ጥቁር ሸክላ አፈር ላይ ሁለት ባልዲ አሸዋ ጨምራችሁ ብትቀላቅሉ አይለሰልስም፣ የባሰ ይጠነክራል። በአሸዋ እንዲለወጥ ከፈለጋችሁ የምትጨምሩት አሸዋ ከአፈሩ የማይተናነስ መሆን አለበት፣ ያ ደግሞ የአሸዋ መኪና መጥራት ነው። ሸክላን የሚያላላው ብስባሽ ነው፦ ኮምፖስት፣ የበሰለ ፍግ፣ ጭድ፣ የወደቀ ቅጠል። ርካሽም ነው።

«ጠዋት ማታ አጠጡ» የሚለውማ ለአሸዋማ መሬት የተነገረ ነው። አሸዋ ውሃውን ወዲያው ያሳልፈዋል። የኛ አፈር ግን ይይዘዋል። በየቀኑ ስታጠጡት ሥሩ አየር ያጣል፣ ይታፈናል፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ሰው «ውሃ ጠማው» ብሎ ይደግምለታል። ተክሉ ሰምጦ እየሞተ ውሃ እየጨመርንለት ነው። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ጀሪካኑን አስቀምጡት።

እሺ፣ አፈራችን ማን ነው? ስሙን እንጥራው። ሸዋ መረሬ ይለዋል፣ ጎንደር ዋልካ፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ። መሐንዲሶች «ብላክ ኮተን» ይሉታል፣ የአፈር ሳይንስ ደግሞ ቨርቲሶል። በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን ይነገራል። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በክረምት ጫማ ያስወልቃል፣ በበጋ ስንጥቁ ቁልፍ ይውጣል። የኮዬ ሰው ይሄን ለማወቅ ሳይንስ አያስፈልገውም፣ ሐምሌ ላይ ከታክሲ ወርዶ ብሎኩ እስኪደርስ መሄድ ይበቃዋል።

መሐንዲስ ይጠላዋል፣ ልክ ነው። ሕንፃ ያነቃንቃል፣ አስፋልት ያጎብጣል። ስለዚህ ቆፍሮ ያወጣውና በቦታው ሰሌክት ይሞላል። ከብሎኮቻችን ሥር ያለው መሬት ከላይ ሰሌክት፣ መሐል ላይ ፍርስራሽ፣ ከታች መረሬ የሚሆነው ለዚህ ነው። ችግሩ እኛም የመሐንዲሱን ጥላቻ ወርሰን «የኮዬ መሬት ምንም አያበቅልም» ማለታችን ነው። መሐንዲስ የጠላውን አፈር ገበሬ ይወደዋል።

ይህ ቦታ ኮንዶሚኒየም ከመሆኑ በፊት እርሻ ነበር። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ምስር ይበቅልበት ነበር። በ2011 ዓ.ም. ዕጣው ሲወጣ የተነሳውን ውዝግብ ሁላችንም እናስታውሳለን፣ ዛሬ ወደዚያ አልገባም። ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፦ የቤቱ ቁልፍ እኛ ጋ ደረሰ፣ የመሬቱ እውቀት ግን ከገበሬው ጋር ሄደ። ከኛ ውስጥ ስንቶቻችን ነን በዙሪያችን ያሉትን አርሶ አደሮች «አባቴ፣ ይሄ መሬት ምን ይወዳል?» ብለን የጠየቅን? ለቲክቶክ አንድ ሰዓት አለን፣ ለሳቸው አምስት ደቂቃ የለንም።

ብንጠይቃቸው ምን ይሉን ነበር? ሽምብራን ይነግሩናል። ሽምብራ በዚህ አካባቢ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ማንም አያጠጣውም። ግን ይበቅላል፣ ያብባል፣ እሸት ይሆናል። በምን? መረሬው በክረምት ጠጥቶ ባስቀመጠው ውሃ።

እስቲ ይሄን አስቡት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በጀሪካን አራተኛ ፎቅ በምንወጣበት ሰፈር፣ ከእግራችን ሥር ሮቶ ተቀብሮልን «መጥፎ መሬት ነው» እያልን እንሳደባለን። ለክረምቱ ማጠንፈፍ፣ ለበጋው እርጥበቱን መሸፈን፣ የዚህ አፈር ሚስጥር በሙሉ ይሄው ነው።

ማጠንፈፉም አዲስ ነገር አይደለም። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬው ከነቤተሰቡ አፈሩን በእጅ እየዛቀ ከፍ ያለ መደብና ቦይ ሲሠራ ኖሯል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ማዕከል ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ አጣምሮ ያንኑ መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። መደቡ 80 ሳንቲሜትር፣ ቦዩ 40። ሳይንቲስቱ ገበሬው በእጁ ያደርግ ከነበረው ተነስቶ ነው የሠራው። እኛ ግን አፈሩ ከኛ ጋር ከማይገናኝ ሰው በስልክ እንማራለን።

«መምህር አታካብድ፣ ጓሮ እኮ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። አገርም በዚህ ስንት ዓመት ከስሯል። ለአሥርት ዓመታት ለገበሬው የሚነገረው አንድ ነበር፦ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ቀይም ሁን ጥቁር፣ ደጋም ሁን ቆላ። በ2012 እ.ኤ.አ. የአፈር መረጃ ሥርዓት (ኢትዮሲስ የሚባለው) ሥራ ጀምሮ የየወረዳው አፈር ናሙና ሲወሰድ ነው እጥረቱ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ በካርታ መታየት የጀመረው። ድኝ ያጣ አለ፣ ቦሮን ያጣ አለ። ዳፕም ቀስ በቀስ ድኝ ላለበት ኤንፒኤስ ቦታውን ለቀቀ። አገር የተወውን «ለሁሉም አንድ» ምክር እኛ በሶሻል ሚዲያ መልሰን አምጥተነዋል።

«እኔ አድርጌው ሠርቶልኛል» የምትሉም አላችሁ። አምናለሁ። እኔ የምጠይቀው የት ላይ እንደሠራ ነው። ልምድ ማካፈል ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ልምድ ቦታ አለው። ቦታው ሲቆረጥ የሚቀረው ወሬ ነው።

«አፈሩ ካስቸገረ ገዝቶ መሙላት ነው» የሚለውስ? በጆንያ የሚሸጠው «የደን አፈር» ከየት እንደሚመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የደን አፈር ከደን ነው የሚመጣው። የአንዱን ተራራ ቆዳ ገፍፈን የኛን በረንዳ ማልበስ ልማት አይባልም። ደግሞም አይሠራም። መረሬ ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ለስላሳ አፈር ብትሞሉበት ዙሪያው ሸክላ ስለሆነ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል። የግቢው የክረምት ውሃ ሁሉ እዚያ ይተኛል፣ ጽጌረዳዋ በገዛ ብራችሁ በገዛችሁት አፈር ውስጥ ትበሰብሳለች። ጉድጓድ ሳይሆን ጉብታ ነው የሚያስፈልጋት።

«አበባ ቤት ያለው ጽጌረዳ እንዴት ያምራል ታዲያ?» ትሉኛላችሁ። የዝዋይና የቢሾፍቱ እርሻዎች ጽጌረዳ በግሪንሃውስ ውስጥ፣ ማዳበሪያው ከውሃ ጋር ተለክቶ በቱቦ እየተንጠባጠበላት ነው የምታድገው። በሆስፒታል ግሉኮስ ላይ ያለ ሰው ስለ ቤታችሁ ምግብ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ውጭ አገር ላላችሁ ወዳጆቼና የቀድሞ ተማሪዎቼም አንድ ነገር። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ የብዙዎቻችሁ ጓሮ ሸክላ ቢሆንም አሲዳማ ነው፤ ኖራ በሉ ሲሏችሁ ልክ ናቸው። ዳላስ ያላችሁ ግን ስሙኝ፦ እናንተ የተቀመጣችሁበት «ብላክላንድ» የሚሉት መሬት የኛው መረሬ ዘመድ ነው። ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ የቤት መሠረት ያነቃንቃል፣ ጽጌረዳ ያስገረጣል። እንግዲህ ለኮዬ ሰው የዳላስ ዘመዱ ምክር ከሆለታው ወንድሙ ምክር ይቀርበዋል ማለት ነው። በአፈር ዝምድና ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም።

ነቅፌ ብቻ እንዳልሄድ፣ የምንችለውን ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ አፈራችሁን እወቁ። ብር አይጠይቅም። ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ፣ ሲሶውን አፈር፣ ሌላውን ውሃ አድርጉ፣ ትንሽ የዱቄት ሳሙና ጨምሩና ናጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይቀመጣል፣ ደቃቁ በሰዓታት፣ ሸክላው ቀን ሙሉ አልፎም ላይጠራ ይችላል። ከዚያ ደረቅ አፈር ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ አመድ በደጁ እንዳያልፍ። በመጨረሻ ሠላሳ ሳንቲሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት፣ ሲሰርግ ድገሙት። ሁለተኛው ውሃ እስከ ማግስቱ ከቆየ ያለ መደብ ምንም አትትከሉ።

ሁለተኛ፣ መደብ ሥሩ። እነዋሪዎች በእጃቸው የሠሩትን እኛ በአካፋ ሁለት ሜትር ላይ ማድረግ አያቅተንም። አፈሩ ሲላቁጥ አትንኩት፣ ድንጋይ ሲሆንም አትታገሉት። በመሐል ሁለት ሦስት ቀን ልስልስ የሚልበት ጊዜ አለ፣ ያን ጠብቁ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ በጭድ ወይም በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ስንጥቁ ውሃውን እንዳያስተንነው።

ሦስተኛ፣ አፈሩ የሚወደውን ትከሉ። ቆስጣና ጎመን በመደብ ላይ ያምራሉ። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። ቅርባችን ያለው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል «ቢሾፍቱ ነጭ» እና «ፀደይ 92» የሚባሉ የነጭ ሽንኩርት ዝርያዎችን ያወጣ ተቋም ነው። ካሮት እዚህ ሹካ ይሆናል፣ ድንችም በክረምት ይበሰብሳል፣ እነሱን ለሚለሰልስ አፈር ተዉላቸው። በመስከረም ደግሞ በግድግዳው ጥግ አንድ እፍኝ ሽምብራ ጣሉ። ልጆቻችሁ እሸት ይበላሉ፣ የሚኖሩበትንም መሬት ይተዋወቁታል። ጽጌረዳን ጉብታ ላይ፣ ከባዱ ዝናብ ካለፈ በኋላ ትከሏት። ኮምፖስት ስጧት፣ አመድ አትስጧት።

አራተኛ፣ ውሃውንም ጠይቁ። አፈሩ ጥሩ ሆኖ ውሃው ሊበክለው ይችላል። የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ይዞ እንደሚወርድ ሁላችንም በአፍንጫችን እናውቃለን። በወንዙ የሚለሙ አትክልቶች ላይ እንደ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች እንደሚገኙ ከሃያ ዓመት በላይ ጥናት ሲወጣበት ኖሯል። ቆስጣና ሰላጣን የመሳሰሉ ቅጠሎች ከጥቅል ጎመን የበለጠ ይሸከማሉ። ማጠብ ላይ ላዩን እንጂ ውስጥ የገባውን አያወጣም። «ቆስጣዬ አየኸው?» የሚለኝ ሰው ከምን እንዳጠጣው እስኪነግረኝ አላደንቅለትም።

ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ አንድ ፍርሃት ነው። አንድ ሰው ያልሆነ ምክር ሰምቶ ይተክላል፣ ይደርቅበታል። ሁለተኛው ይተክላል፣ ይሰምጥበታል። ሦስተኛው «መሬቱ ነው» ይላል። ከዚያ በብሎክ ስብሰባ ላይ አንዱ ይነሳና «ምንም ለማያበቅል መሬት ምን አስጨነቀን፣ ኮንክሪት እናልብሰውና መኪና ይቁምበት» ይላል። እጅ ይወጣል፣ ያልቃል። አንዴ የተለሰነን መሬት ማን መልሶ ይከፍተዋል? ልጆቻችን ሣር ላይ ሳይረግጡ የሚያድጉት መሬቱ ስላልቻለ አይደለም፣ እኛ በተሳሳተ ምክር ስለፈረድንበት ነው። ቃሉ ከአፋችን ሲወጣ ቀላል ነው፣ «አያበቅልም»። ሲሚንቶው ግን ከባድ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማንም የጽጌረዳና የጎመን ፎቶ ሲለጥፍ አምስት ነገር ይጻፍበት፦ ሰፈር፣ አፈር፣ ውሃ፣ ወር፣ ከዚያ ምን እንዳደረገ። የሞተውንም ጻፉ። የሞተች ጽጌረዳ ታሪክ ከነአፈሩ ከተነገረ ከመቶ የሚያምር ፎቶ ይበልጣል። ያለዚህ የሚመክር ሰው ካጋጠማችሁ በትሕትና ጠይቁት፦ «ወንድሜ፣ አፈርህ ምንድነው?»

በሉ እኔ ልጀምር። ሰፈር፦ ኮዬ ፈጬ። አፈር፦ ከላይ አንድ ስንዝር ሰሌክት፣ ከሥር መረሬ፣ በአቼቶ አረፋ ያወጣል። ውሃ፦ የቧንቧ፣ ሲመጣ። ወር፦ መስከረም። ያደረግሁት፦ መደብ፣ ኮምፖስት፣ የጭድ ጉዝጓዝ፣ አመድ የለም። ያለው፦ ቆስጣ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ጥግ ሽምብራ፣ ሁለት ጽጌረዳ ጉብታ ላይ።

የናንተስ? ኮሜንት ላይ እጠብቃለሁ።